ደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃን፣ ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጬ ነው። ዕድሜዬን በሰርቨር ጥገና ነው የጨረስኩት። ሰሞኑን ከእናንተ መሃል አንዱ በሌሊት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሁለቱ ቨርቹዋል ማሽኖች አልገናኝ ብለውኝ ነበር። ፋየርዎሉን አጠፋሁት፣ ሠራ!» አለኝ። እሱ በደስታ ተኛ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር ነው፤ ፋየርዎል ደግሞ ማን እንደሚገባ የሚወስን የኔትወርክ ዘበኛ። ዘበኛው አላስገባ አለ ተብሎ ዘበኛ ይባረራል እንዴ? ለሙከራ፣ በገዛ ላፕቶፓችሁ ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ ከሆነ ይሁን። ዳታቤዝ ያለበት ማሽን ላይ አጥፍቶ መተኛት ግን ጥገና አይባልም።

መጀመሪያ ስህተቱ የሚለውን አንብቡ። መንዝ ውስጥ ሰው ቤት ስትሄዱ ደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። አንዱ ብቅ ብሎ «የሉም» ካላችሁ፣ ቢያንስ ቤቱን አልሳታችሁም። ማንም ካልመለሰ ግን ቤቱን ስታችሁ ይሁን፣ ሰምተው ዝም ብለዋችሁ ይሁን አታውቁም። ኔትወርክም እንደዚያው ነው። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» (ግንኙነቱ ተከልክሏል) ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፤ በዚያ ፖርት፣ ማለትም በዚያ የበር ቁጥር፣ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነው የጠፋው። ፋየርዎሉን ከመነካካታችሁ በፊት ዳታቤዙ መነሳቱን እዩ። ተነስቶም 127.0.0.1 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ከራሱ ማሽን ውጪ ማንንም አይሰማም። «ታይምድ አውት» (የመጠበቂያ ጊዜው አልፏል) ከሆነ ዝምታ ነው። ወይ ፋየርዎሉ ፓኬቱን፣ የላካችሁትን የመረጃ ጥቅል፣ ውጦታል፣ ወይ መንገዱ የለም።

የሚያሳስተው «ኖ ራውት ቱ ሆስት» (ወደ ማሽኑ መንገድ የለም) የሚለው ነው። ስሙን ሰምታችሁ መንገድ ፍለጋ ትሮጣላችሁ። ሁለቱ ማሽኖች ግን አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። ሊኑክስ ላይ ፋየርዎልዲ የሚባለው የፋየርዎል ፕሮግራም ሲከለክል ብዙ ጊዜ የሚታያችሁ ይኸው መልእክት ነው።

የደወለው ልጅም ያየው ይህንኑ ነበር። በማግስቱ ፋየርዎሉን መልሶ እንዲያበራ አደረግሁና ደንቦቹን፣ እናንተ ሩል የምትሏቸውን፣ አንድ በአንድ አስነበብኩት። ለፖስትግሬስ፣ ለዳታቤዙ ማለት ነው፣ ፖርት 5432ን ፈቅዷል። ግን የፈቀደው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ከላዩ ደግሞ «ሁሉንም ከልክል» ተጽፏል። አይፒቴብልስ የሚባለው የሊኑክስ ፋየርዎል መሣሪያ ደንቦችን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የገጠመውን ደንብ ይፈጽምና እዚያው ያበቃል። የልጁ ፈቃድ አንድም ቀን አልተነበበም። እንዴት አወቅን? ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን ስንት ፓኬት እንዳለፈበት የሚቆጥር ቁጥር አለ። የእሱ 0 ነበር። እኔ እንደሆንኩ ከማንኛውም መሣሪያ አስበልጬ የምወደው ያንን ቁጥር ነው።

ፒንግን፣ ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቀውን ትእዛዝ፣ ብዙ አትመኑት። ዊንዶውስ ፒንግን ሲከለክል ሌላው ሁሉ ደህና ሊሆን ይችላል። ፒንግ ሠራ ማለትም 5432 ተከፍቷል ማለት አይደለም። ቨርቹዋል ማሽን በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ፣ ሁለቱም ማሽኖች 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ካሳዩአችሁ ደግሞ ደንብ መጻፉን ተዉት። ናት በሚባለው የኔትወርክ ዓይነት ላይ ለየብቻ ታጥረዋል፤ የኔትወርኩን ዓይነት ቀይሩ። ሁሉም ነገር ግራ ሲገባችሁ በሁለቱም ማሽን ላይ የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕ ክፈቱ። ፓኬቱ ከአንደኛው ወጥቶ ሁለተኛው ጋ ካልደረሰ ችግሩ መሃል ላይ ነው። ደርሶ መልስ ካጣ እዚያው የደረሰበት ማሽን ላይ ፈልጉ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ሸዋ ሮቢት ላይ ሰርቨር ነበረው። ከደብረ ብርሃን ሆኜ ደንብ ሳስተካክል፣ እኔው ከሩቅ የምገባበትን ፖርት 22 ሳልፈቅድ መሠረታዊ ደንቡን «ሁሉንም ጣል» አልኩት። ስክሪኑ ድርቅ አለ። ራሴን በሩ ላይ ቆልፌ ወጣሁ ማለት ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጣርማ በር በጉም ተሸፍኗል፤ ጣሊያን በሠራው ዋሻ አለፍን፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወረድን። አንዲት መስመር ለመሰረዝ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ!

ከዚያ ወዲህ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ደንብ ከመንካቴ በፊት የድሮዎቹን ደንቦች አንድ ፋይል ላይ አስቀምጣለሁ። ሰርቨሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲመልሳቸውም አዝዛለሁ። አዲሱን ደንብ ካስገባሁ በኋላ በሌላ መስኮት እንደገና እገባለሁ። ከገባሁ ትእዛዙን እሰርዛለሁ። ካልገባሁ ቡና አፍልቼ እጠብቃለሁ።

ያን ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጋቢዬን ግን በዚያ ሙቀት እስከ ማታ ተሸክሜው ዋልኩ።