ከጉልበቱ በፊት ፍሬኑ፦ ለአንድ የ1966 ሙስታንግ ባለቤት የተሰጠ መልስ

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ አንባቢ በቅርቡ ስለገዙት የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ጽፈውልኛል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መኪናው ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ስምንት ሲሊንደር ሞተርና አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ሲሆን፣ በአራቱም ጎማ ላይ የተገጠመለት የታምቡር ፍሬን ነው። በሰዓት ከ50 ማይል በላይ እየነዱ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ ግራ ይስባል፤ ሁለት ጊዜ አከታትለው ጠንከር አድርገው ከያዙ ደግሞ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይወርዳል። አንድ ወዳጃቸው ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርብ ክፍል) አስገጥመው ጉልበቱን እንዲጨምሩ መክሯቸዋል። ባለቤታቸውንና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው በ95 አውራ ጎዳና እስከ ሪችመንድ ለመሄድ ያሰቡት ጠያቂያችን፣ የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ከዛሬዎቹ ይበልጥ ሰው ይጠብቃል የሚባለው እውነት መሆኑንም ማወቅ ይፈልጋሉ።

ውድ ጠያቂ፣ ይህን መኪና ለምን እንደወደዱት ሊያስረዱኝ አያስፈልግም። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ማየት፣ እጅ አስገብቶ ሻማውን መንካት፣ በጆሮ ብቻ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ መለየት የሚቻልበት መኪና ዛሬ የለም፤ እኔም በዚህ ሙያ የቆየሁት በዚህ ፍቅር ነው። ሙስታንግ በሚያዝያ 1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከዚያ በፊት ለባለጸጎች ብቻ የነበረውን የስፖርት መኪና መልክ ለደመወዝተኛው አቀረበለት። ይሁን እንጂ ፍጥነቱንና ደኅንነቱን በተመለከተ በትዝታ የምናውቀው መኪናና ከፊትዎ የቆመው መኪና አንድ አይደሉም። ስለዚህ ካርቡራተሩን ለጊዜው ትተን ከፍሬኑ እንጀምር።

በመጀመሪያ የታምቡር ፍሬንዎ እንዴት እንደሚሠራ ይረዱልኝ። በእያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ ሁለት ሸራዎች አሉ። ፔዳሉን ሲረግጡ የፊተኛው ሸራ የሚሽከረከረውን ታምቡር ይነካና በራሱ በታምቡሩ ዙረት እየተጎተተ፣ ከታች ባለው ማስተካከያ ብሎን በኩል የኋለኛውን ሸራ ይገፋል። ፍሬኑ ከእግርዎ ኃይል በተጨማሪ የጎማውን ዙረት ለራሱ ይጠቀምበታል ማለት ነው፤ ያለ ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) በተራ የእግር ጉልበት መቆም የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይኸው ዘዴ ጉልበትን እንደሚያበዛ ሁሉ ጉድለትንም ያበዛል። በቀኝና በግራ ሸራ መካከል ያለች ትንሽ ልዩነት፣ ለምሳሌ አንዱን ሸራ የነካች ጥቂት የፍሬን ዘይት፣ በዝግታ ሲነዱ ሳትታወቅ ቆይታ በ50 ማይል ላይ መሪውን ከእጅዎ የምትነጥቅ ትሆናለች።

መኪናው ወደ ግራ ሲስብ ብዙ ሰው የግራውን ጎማ ብቻ ፈትቶ ይመረምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራውን ያልሠራው የቀኙ ነው፤ ግራው በደንብ ሲይዝ ቀኙ ስለሚሰንፍ መኪናው ወደሚይዘው ወገን ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱንም የፊት ታምቡሮች በአንድ ቀን ያውልቁና ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። አሮጌ ሸራዎች ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ ስላለባቸው አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር ፈጽሞ እንዳይነፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በላስቲክ አስረው ይጣሉት። ከዚያ በየታምቡሩ ውስጥ ሸራዎቹን የሚገፉትን የፍሬን ሲሊንደሮች የላስቲክ ቆብ በቀስታ ገልጠው ይመልከቱ፤ ውስጡ እርጥበት ካለ ሲሊንደሩ እያፈሰሰ ነውና የሁለቱም ወገን ይቀየር። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም።

ቀጥለው የሸራዎቹን አቀማመጥ ይመርምሩ። አጭር ሽፋን ያለው ሸራ ወደ መኪናው ፊት፣ ረዥሙ ወደ ኋላ መዋል አለበት፤ በአንድ ወገን ተገልብጦ ከተገጠመ መኪናው መሳቡ አይቀርም። የማስተካከያ ብሎኖቹም የግራና የቀኝ ተብለው የተለዩ ናቸው፤ የአንዱ ጥርስ ከሌላው በተቃራኒ ይዞራል። ተለዋውጠው ከተገጠሙ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ዘዴ ሸራውን ወደ ታምቡሩ በማስጠጋት ፈንታ ያርቀዋል። አንድ ደንበኛዬ በሦስት ጋራዦች ሸራ ሦስት ጊዜ ተቀይሮለት ያልተፈታውን ችግር እኔ ዘንድ ሲያመጣው ያገኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ብሎኖቹን አቀያየርኩና ተሸኘ። የታምቡሩን ስፋትም ያስለኩ፤ የእርስዎ ባለ 10 ኢንች ስለሆነ ተስሎ ተስሎ ከ10.060 ኢንች ካለፈ ዕድሜው አብቅቷል።

ታምቡሮቹ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ የፍሬን ዘይት ወደሚያልፍባቸው የላስቲክ ቱቦዎች ይሂዱ። ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በድምሩ ሦስት ናቸው። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን አሳልፎ መመለሱን ይከለክላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን ከለቀቁ በኋላም አንዱ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል። መቼ እንደተቀየሩ የማያውቁ ከሆነ ምርመራውን ትተው ሦስቱንም ይቀይሩ፤ ከዋጋቸው አንጻር የሚያስቆጭ ነገር የለውም። በዚሁ አጋጣሚ ጎማውን የተሸከመውን የታችኛውን ክንድ ወደ ፊት ይዞ የሚያቆመውን ዘንግ ጎሚኒ (የላስቲክ መደገፊያ) ሳያዩ እንዳያልፉ። ይህ ጎሚኒ በዚህ ሞዴል ቶሎ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ፍሬኑ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት መኪናው ወደ ጎን ይስባል።

የፔዳሉ መውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናው በእንቅስቃሴ ውስጥ የሚሸከመው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በ70 ማይል ላይ የሚያቆሙት ኃይል በ35 ማይል ከሚያቆሙት አራት እጥፍ ነው፤ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚገባው በአራቱ ታምቡሮች ውስጥ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም ሲግል መያዙን ይቀንሳል። በዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ እየጠጣ ይደክማል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ ውሃ ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ብቻ ነው። የፈላ ዘይት ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃልና እግርዎ ባዶ ነገር ይረግጣል። ሙሉውን ዘይት አስወግደው፣ አየሩን ከሩቁ ጎማ ጀምረው እያስወጡ አዲስ ይሙሉ፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። የእርስዎ መኪና የፍሬን ማስተር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ፣ አንድ ሲሊንደር ቢከዳ፣ የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የሚቀርዎት ከክሩስኮቱ ሥር የሚሳበው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ሙስታንግ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ያገኘው በ1967 ሞዴል ነው፤ በዚህኛው የፊቱ ሲጠፋ የኋላው፣ የኋላው ሲጠፋ የፊቱ ይቀራል። የ1967ቱ የታምቡር ፍሬን ማስተር በእርስዎ መኪና ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ለሁለቱ ክፍሎች የቧንቧ መስመሩን መለየት፣ የገፊውን ዘንግ ርዝመት ማስተካከልና ከማስተሩ ውስጥ እንዳይወጣ ተይዞ መቆሙን ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። በእኔ ዘንድ ይህ ሥራ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። መኪናውን እንደ ጥንቱ ማቆየት የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ አከብራቸዋለሁም፤ በዚህ ነገር ላይ ግን አልስማማቸውም።

የፊቱን ፍሬን ወደ ዲስክ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞር ሰሌዳን ከሁለት ወገን ጨምቆ ወደሚይዝ ፍሬን፣ መቀየር ቀጣዩ ደረጃ ነው። ፎርድ ራሱ በዚያ ዘመን ለባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ የፊት ዲስክ ፍሬን በተጨማሪ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ሸቭሮሌም ከ1965 ጀምሮ ኮርቬትን በአራቱም ጎማ ዲስክ ማቅረብ ጀምሯል። መፍትሔው በዘመኑ ይታወቅ ነበር ማለት ነው፤ ተራው ገዢ ግን የሚከፍለው ለጉልበቱ ነበር። ዲስኩን የሚያስገጥሙ ከሆነ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ለታምቡር የተሠራ ማስተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ስላለው፣ ያ ቫልቭ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ፍሬኑ ሳይለቅ ይነዳል፤ መውጣት አለበት። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይቆለፉ በኋላ መስመር ላይ የግፊት መመጠኛ ይግባ። እንዲሁም ከነበሩት ባለ 14 ኢንች ቸርኬዎች አንዳንዶቹ ዲስኩን አያሳልፉምና ሳይገዙ በፊት ያስለኩ።

ስለ ወፍራም ብረት ለጠየቁት መልሴ፣ እውነት አይደለም የሚል ነው። ሲጀመር የእርስዎ ሙስታንግ ከ3,000 ፓውንድ በታች የሚመዝን፣ ከዛሬዎቹ መካከለኛ የቤተሰብ መኪናዎች የሚቀል ነው። ክብደቱም ቢኖር አያድንም። በ2009 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር በ40 ማይል ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። የቤል ኤሩ መቀመጫ ክፍል ተጨማደደ፣ መሪውም በሹፌሩ ቦታ በተቀመጠው የሙከራ አሻንጉሊት ላይ ገባ፤ በውስጡ ሰው ቢኖር ኖሮ አይተርፍም ነበር። የማሊቡው ክፍል ግን ቅርጹን ጠብቆ ቀረ፤ ሹፌሩ ቢበዛ እግሩን ቀለል ያለ ጉዳት ያገኘው ነበር። የዛሬ መኪና አፍንጫው የሚጨማደደው ታስቦበት ነው፤ ብረቱ እየታጠፈ ግጭቱን ይበላዋል። የማይታጠፍ ብረት ግጭቱን ሙሉ በሙሉ ለሰውነትዎ ያስተላልፋል።

የእርስዎ መኪና የተሠራው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉን በመስከረም 1966 ከመፈረማቸው በፊት በነበረው ደረጃ ነው። የመሪው ዘንግ ቀጥ ያለ ብረት ስለሆነ በግጭት ጊዜ ወደ ደረት ይመጣል። ቀበቶው የወገብ ብቻ ነው፤ የመቀመጫው ጀርባም አጭር ሆኖ አንገትን የሚደግፍ ነገር የለውም። የነዳጁ ሰልባትዮ የላይኛው ገጽ ራሱ የኋላው ዕቃ መጫኛ ወለል ነው፤ ከኋላ ቢመታ ነዳጁን ከልጅዎ የሚለየው የመቀመጫው ድጋፍና ስስ ካርቶን መሰል ሽፋን ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው መኪናውን ላስጠላዎት ሳይሆን ሊታረም የሚችለውን እንዲያርሙ ነው። የትከሻ ቀበቶ በጣሪያው ጠርዝ ባለው ጠንካራ ብረት ላይ፣ ማጠናከሪያ ሰሌዳ ተበይዶበት ሊገጠም ይችላል፤ በስስ ላሜራ ላይ የታሰረ ቀበቶ ግን በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ይመጣል። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ የብረት ግድግዳ ማስገባትም በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ነው። መሪውንና የፊቱን አካል ግን እንዲህ በቀላሉ መለወጥ አይቻልም።

ወዳጅዎ ስለመከረው ካርቡራተር ብዙ አልልም። ባለ ሁለት ጉሮሮው ሞተርዎ 200 የፈረስ ጉልበት ይባላል፤ ይህ ግን ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ያለ አየር ማጣሪያና ያለ መደበኛ ማርሚታ የተለካ ነው። አምራቾቹ ሞተሩን እንደተገጠመ መለካት የጀመሩት በ1972 ሞዴል ስለሆነ ቁጥሩን ከዛሬ መኪና ቁጥር ጋር አያወዳድሩት። ፍሬኑ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ፑንቲናውን (ለሻማዎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውንና የሚያገናኘውን)ና ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት ያስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ጉልበት የሚገኘው እዚያ ነው። ጎማዎቹንም ይመልከቱ፤ ከጎናቸው ከታተመው አራት አሃዝ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ዓመቱን ይነግሩዎታል። ጥርሳቸው ያላለቀ ጎማዎችም ከዕድሜያቸው የተነሣ ይፈነዳሉ።

ሥራው ሲያልቅ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ በ20፣ ከዚያ በ30 ማይል ሃያ ጊዜ ያህል በቀስታ ያቁሙ፤ በየመካከሉ ያብርዱት፤ አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው። ከዚያ በሙቀት መለኪያ የግራና የቀኙን ያስተያዩ። አንዱ ጎልቶ ከጋለ ወደ ታምቡሮቹ ምርመራ ይመለሱና እንደገና ይጀምሩ።

ሪችመንድን በተመለከተ፣ ልጅዎና ባለቤትዎ በሌላው መኪናዎ በ95 ይሂዱ። እርስዎ ሙስታንጉን በአሮጌው አንደኛ መንገድ ይዘውት ይውረዱ፤ ከ95 ጎን ለጎን በፍሬድሪክስበርግ በኩል ሪችመንድ ያደርሳል፤ ፍጥነቱ ይህ መኪና የሚችለው ነው፣ መስኮቱንም ከፍተው የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ መሄድ ይችላሉ።