ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኢንፌክሽን ሳይኖርባቸው አንቲባዮቲክ ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ የሚይዝበት በሽታ) አለባቸው። በቅርቡ ቀን እየተኙ ሌሊት ሲንቆራጠጡ ማደር ጀመሩ። ኋላ ላይ ስሜን እስኪረሱ ድረስ ተዘባረቀባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሲወጡ ላክቱሎስ በሚባለው ሽሮፕ ላይ ሪፋክሲሚን ተጨመረላቸው። አንቲባዮቲክ ነው ተባልን፤ ኢንፌክሽን ግን የለባቸውም። አሁን ደህና ናቸው። ብናቆመውስ?

መልስ፦ አባትዎን ይማርልዎ። ሐኪማቸው ሳያውቅ አያስቁሟቸው። ደህና የሆኑት መድኃኒቱን ስለሚወስዱ ሊሆን ይችላል።

አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ያመነጫሉ። ጤነኛ ጉበት አሞኒያውን ከደም ያጣራዋል። የተጎዳ ጉበት ግን ስለማይችል አሞኒያው አንጎል ይደርሳል። የእንቅልፉ መዛባትም መዘባረቁም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ሪፋክሲሚን የሚሠራው እነዚያ ባክቴሪያዎች ላይ ነው።

አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ መውሰድ እንደሚያስፈራ ይገባኛል። ይሄኛው ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ጉበቱ በጣም ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ይላል፤ ያም ሆኖ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይታዘዛል። ድሮ ለዚሁ ይሰጥ የነበረው ኒዮማይሲን ጆሮና ኩላሊት ይጎዳ ነበር። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ላይ 550 ሚሊግራም ሪፋክሲሚን በቀን ሁለት ጊዜ ከወሰዱት መካከል በ6 ወር ውስጥ ችግሩ ያገረሸባቸው 22 በመቶ ያህሉ ናቸው። ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 46 በመቶ። ልብ ይበሉ፤ በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ላክቱሎስም ይወስዱ ነበር።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ክኒኑ መጣ ተብሎ ሽሮፑ ይተዋል። ጣዕሙ ያሰለቻል፣ ሆድ ይነፋል፣ አውቃለሁ። ግን አይተውት። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲወጣቸው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ። ድርቀት ችግሩን ይቀሰቅሰዋል። ከልክ ያለፈ ተቅማጥም የሰውነት ፈሳሽ ስለሚጨርስ እንደዚያው ነው። ውሃ የመሰለ ብርቱ ተቅማጥ ከጀመራቸው ቶሎ ይደውሉ።

እኔ ከሁሉ የምፈራው የእንቅልፍ ክኒን ነው። ሌሊት አልተኙም ብለው በራስዎ እንዳይሰጧቸው። ፕሮቲንም አይከልክሏቸው፤ ጡንቻ ራሱ አሞኒያ በማስወገድ ያግዛል። መኪና የሚነዱ ከሆነ ሐኪማቸው እስኪፈቅድ ድረስ ይቆዩ።

ቤት ውስጥ የሚከታተሉበት ቀላል ዘዴ ልንገርዎ። በየጠዋቱ አንድ ደብተር ላይ ስማቸውን ያስጽፏቸው። ፊደሉ ከትናንቱ ከተበላሸ፣ ወይም እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ወደ ላይ ሲያጥፉት የሚርገፈገፍ ከሆነ በዚያው ቀን ለሐኪማቸው ይደውሉ። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ ወይም ሲቀሰቅሷቸው አለመንቃት ካዩ ግን ስልክ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።