ሐሙስ የእኔ ተራ ነው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን አነባለሁ እንጂ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ የእኔ ተራ ነው።

27 ዓመቴ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለሥራ ሐዋሳ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ታቦር አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ቢሮ ውስጥ ምሳ አብረን የምንበላ አምስት ሰዎች ነን። የምንከፍለው በየተራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቀን። ሲጀመር ጥሩ ነበር። ፍቅር ነበር።

አሁን ተራውን ይዩልኝ። ሰኞ የሚከፍለው አለቃ ቢጤ ስለሆነ ሰው ሁሉ አፍሮ ሽሮ ያዛል። ማክሰኞ የምትከፍለው ልጅ ብልጥ ናት፤ ሳንቀመጥ በፊት ለሁላችንም ፓስታ አዝዛ ትጠብቀናለች። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ በያይነቱ በልተን እንነሳለን። የቀረው ማነው? እኔ። ሐሙስ ሲሆን ሰው ሁሉ ረቡዕ የጾመውንም ዓርብ የሚጾመውንም አንድ ላይ ሊያወራርድ ይቀመጣል። ጥብስ ይመጣል። ዱለት ይመጣል። አንዱማ "ላንተ ብዬ ነው" እያለ ጎረድ ጎረድ ያስጨምራል። ለስላሳውን ተዉት። ባለፈው ሐሙስ 1,460 ብር ከፈልኩ። ረቡዕ የከፈለው ልጅ 700 አልሞላም። አይቻለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዓይኔ ሳልፈልግ ደረሰኝ ላይ ይሄዳል።

ተራ እንቀያየር ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። "ሐሙስ የራስህ ዕጣ ነው" አሉኝ።

እጄ ላይ የሚደርሰው 13,500 ብር ነው። 3,500 ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ደመወዝ ሰሞን ንጉሥ ነኝ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ማታ ማታ ዳቦ በሻይ ነው። ጠዋት ቡና ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ። ጨጓራዬ ማቃጠል ጀምሯል፤ ከፋርማሲ የሚጠጣ ነገር እየገዛሁ እገፋዋለሁ።

አብስለህ ብላ ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና አሥር እንጀራ ገዛሁ። እሁድ ሠራሁ። ሰኞ ደክሞኝ ገባሁ። ማክሰኞ እንጀራው ሻገተ፣ ቲማቲሙ ፈረጠ፣ ጎመኑ ቢጫ ሆነ። አከራዬ አይታ "ወንድ ልጅን ከጎመን ጋር ምን ያታግለዋል?" ብላ ሳቀች። ለአንድ ሰው ማብሰል ኪሳራ ነው። ፍሪጅ የለኝም። ያለኝ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስትና እናቴ የምትልከው ጆንያ ነው (ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ምናምን፤ የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ትልካለች፤ አልጋ ስር ነው፤ ሽሮውን ግማሹን ለአከራዬ ሰጥቻታለሁ)።

ታዲያ ይህን ሐሙስ ምን ላድርገው? ብወጣ ገብጋባ ሊሉኝ ነው። ብቀጥል አለቀልኝ።

ጓደኞቼ መፍትሔው አንድ ነው ይላሉ፤ "አግባና ተገላገል።" ለነገሩ አንዲት ልጅ አለች። ከተዋወቅን ስምንት ወር ሆነን። ጥሩ ልጅ ናት፤ ባለሙያም ናት፤ ቤታቸው ሄጄ የሠራችውን በልቻለሁ። ሁለት ሆኖ ሲበላ ወጪው ይቀንሳል አይደል? ለጥር ሽማግሌ ልላክ ወይስ ልቆይ?

ሐሙስ የደረሰበት፣ ከሐዋሳ

*

አንተ ልጅ፣

መጀመሪያ ተነስና ያንን ጆንያ ከአልጋህ ስር ጎትተህ አውጣው። ደብዳቤዬን ከዚያ በኋላ ታነበዋለህ።

አወጣኸው? እሺ። ስለ ሐሙስ ጥብስ ስንት መስመር እንደጻፍክ ቁጠር። ያንን ጆንያ ግን ቅንፍ ውስጥ ነው የከተትከው። በቅንፍ! መጨረሻው ላይ ደግሞ "ምናምን" አለበት። እኔ ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ አይተህ ታውቃለህ? አተሩ ወይም ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው እየደረቀ ይገባበታል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ተራ ይጠበቃል። እናትህ ስንት ቀን ጎንበስ ብላ የሠራችውን ነው አንተ ለአከራይህ ግማሹን የሰጠኸው። አከራይህ "ወንድን ከጎመን ጋር ምን ያታግለዋል" ያለችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አንተ ማብሰል ከጀመርክ እኮ ሽሮው ይቋረጥባታል።

አሁን ጆንያው ውስጥ ያለውን በደንብ እየው። እናትህ ዝም ብላ ያገኘችውን አላጨቀችም። ስንቅ ነው የላከችልህ። ስንቅ ማለት ምድጃ ለሌለው፣ ሚስት ለሌለው፣ ከአገሩ ርቆ ለሚያድር ሰው የተፈጠረ ምግብ ነው። ነጋዴው ይዞት ሄዷል። የቆሎ ተማሪው ኖሮበታል። በ1888 ዓድዋ የዘመተው ሰው አህያው ላይ የጫነው ይህንኑ ነው። አንተ ደግሞ ከአልጋ ስር አስቀምጠኸው ዳቦ በሻይ ትበላለህ።

ቁርስ አልበላም አልክ። በሶ አለህ። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ እሳት አይፈልግም። በውሃ፣ በትንሽ ጨውና በጠብታ ዘይት አሽተህ ጭብጦ አድርገው። ካልሆነም በጥብጠህ ጠጣው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ገብስ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚፈጨው፤ እስከ ምሳ ይዞህ ይቆያል። ቡናውን ከዚያ በኋላ ጠጣ፤ ባዶ ሆድህ ላይ አትድፋበት።

እንጀራው ሻገተ አልክ። ይሻግታላ! ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዋሳ ወደ 1,700 ናት። እናትህ ቤት ሳምንት የሚቆይ እንጀራ ሐዋሳ ሙቀት ላይ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ቢያወጣ ምን ይገርማል? አሥሩን ደግሞ በፌስታል ጠቅልለህ ነው ያስቀመጥከው፤ አልጻፍክልኝም፣ ግን አውቄዋለሁ። ፌስታል ያልበዋል። ከሱቅ ሁለት ሁለት ግዛ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን። የተረፈህን ሳይሻግት ቆራርሰህ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ድርቆሽ የሚባለው እኮ ይኸው ነው። እናትህ ገና ሳትጠይቃት መልሱን ልካልሃለች።

ማታ የምትበላው እንዲህ ይሠራል። አንድ ትንሽ ሽንኩርት ክተፍ። በሁለት ማንኪያ ዘይት አቁላላው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጥ፤ በጥብጠህ ከጨመርከው አይጓጉልም። ጨምርበት፣ አማስል፣ ከቀጠነ ይንተክተክ፣ ከወፈረ ውሃ ጠብ አድርግበት። ከሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ድርቆሹን ቆርሰህ እላዩ ላይ በትነህ ፈትፍተው። አለቀ። ሽሮና እንጀራ አብረው መበላታቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ጤፉ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላለታል። ጥራጥሬውም እንዲሁ ከጤፉ ይበደራል።

ሽሮው ነቀዝ ገብቶበት እንደሆነ በወንፊት ንፋው፤ ፀሐይ አስመታው። ሻግቶ ከሸተተህ ግን ጣለው። የሻገተ እህል ሲበስልም መርዙ አይለቅም።

ጆንያው ውስጥ የሌለው አንድ ነገር ትኩስ ነገር ነው። እሱን ደግሞ ሐዋሳ ትሰጥሃለች። ለሳምንት አትግዛ። ለሁለት ቀን ግዛ፤ ጎመን አንድ እስር፣ ካሮት፣ አንድ ሎሚ። አቮካዶ በሲዳማ ምድር ተቀምጦ የማይበላ ሰው አይገባኝም፤ አንዱን ከዳቦህ ጋር ብትበላው ያ ዳቦ በሻይህ እራት ይሆናል። ሎሚውን ምግብህ ላይ ጨመቅ አድርግ። ከእህልና ከጎመን የምታገኘውን ብረት ሰውነትህ የበለጠ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ከምግብ ጋር አትጠጣቸው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተህ ጠጣ። ቆጮም ግዛ፤ ቶሎ አይበላሽብህም። ብቻውን ጉልበት እንጂ ብዙ ፕሮቲን የለውም። ከጎመንና ከአይብ ጋር፣ ካልሆነም ከዓሣ ጋር ብላው።

ዓሣ ስል ትዝ አለኝ። ታቦር እየኖርክ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ድረስ የምትሄደው ፎቶ ለመነሳት ነው አይደል? ቅዳሜ ጠዋት ሂድ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ቀድመውህ ቆመው ታገኛቸዋለህ፤ እነሱ ጥሩ ዓሣ የት እንዳለ ያውቃሉ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ ቆሮሶ ዓሣ ምረጥ። እዚያው ይገፉልሃል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን እንዳትተው፤ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሾርባ ይሆናል፣ ሥጋውን ደግሞ ትጠብሳለህ። ፍሪጅ ስለሌለህ የዕለቱን በዕለቱ ጨርስ። ጥሬውን በዳጣ ለምን አልበላም ካልከኝ፣ ብዙ ሰው እንደሚወደው አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጥገኛ ትል ያለበትን ዓሣ በዓይኔ ስላየሁ አልመክርህም። አብስለህ ብላ።

ጨጓራህን በቅንፍ ባትከትተውም አቃለኸዋል። "ከፋርማሲ እየገዛሁ እገፋዋለሁ" ማለት ምን ማለት ነው? ጨጓራ የሚያቃጥል ሰው ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ይገኝበታል። በሰገራ ምርመራ ይታያል፤ በሐኪም የታዘዙት መድኃኒቶች አንድ ላይ በአግባቡ ሲወሰዱ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የምትጠጣው ማስታገሻ እሳቱን ያበርዳል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካውም። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂድ። ሰገራህ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰህ ግን ሳምንት አትጠብቅ፣ በዚያው ዕለት ሂድ። እስክትታይ ድረስ በርበሬውን ቀነስ አድርግ።

ሐሙስን በአጭሩ ልጨርሰው። ሒሳብ ሠራተኛ ነህ፣ ይህችን ሥራልኝ፤ 1,460 በአራት ሐሙስ 5,840 ይመጣል። ሐሙሶችህ ከቤት ኪራይህ ይበልጣሉ። ከደመወዝህ ከመቶ 43 ነው። በርግጥ በአራቱ ቀን አንተም የሰው ትበላለህ፤ ግን የምትበላው ሽሮና ፓስታ ነው። ደግሞ ከጓደኛ ጋር እየበላ ደረሰኝ የሚሰልል ሰው ምሳው አይረጋለትም። ያ ማዕድ ለአንተ አልቋል። "ጨጓራዬን አሞኛል፣ ከቤት ይዤ ልመጣ ነው" በል። ውሸት አይደለም። ምሳ ዕቃ ይዘህ አብረሃቸው ቁጭ በል፤ ከሽሮህም አጉርሳቸው። ገብጋባ የሚልህ ካለ እሱ የፈለገው ጥብሱን ነው።

አሁን ወደ ልጅቱ። መጨረሻ ላይ የወሸቅካት፣ የመጣህበት ጉዳይ እሷ ናት።

ስለ እሷ የነገርከኝ ሦስት ነገር ነው። ጥሩ ልጅ ናት። ባለሙያ ናት። በልቻለሁ። ምን ትሠራለች? ምን ያስቃታል? እሷስ ጥር ላይ ሽማግሌ ትጠብቃለች ወይ? ምንም የለም። የማክሰኞዋ ልጅ ፓስታ እንደምታዝ ግን አውቄያለሁ።

ሁለት ሆኖ ሲበላ ወጪ ይቀንሳል ያልከው ልክ ነው። አንድ ሽንኩርት ለሁለትም ይበቃል፣ ምድጃውም አንዴ ነው የሚሞቀው። ግን አንተ ያሰብከው ሁለት በላተኛና አንድ ሠሪ ነው። ይህንን ሒሳብ ይዘህ ሽማግሌ አትላክ። ለጥር አይሆንም ብያለሁ። ሽማግሌ ለሽሮ አይላክም።

እኔ ያገባሁት ሻይ ማፍላት የማያውቅ ሰው ነው። ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ሁለተኛ ልጃችንን ስወልድ ታምሜ ተኛሁ፤ የሚያርሰኝ ዘመድ አጠገቤ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ከወጥ ቤት ሽታ መጣ። ሽሮ ሠርቷል። ጓጉሏል፣ ጨው በዝቶበታል፣ ከሥሩ አሯል። እያለቀስኩ በላሁት፤ እሱ በጨው ምክንያት መስሎት ይቅርታ ይጠይቀኛል። ስድስት ዓመት ነው የዘገየው። አንተ እንዳትዘገይ ነው እንዲህ የምጮህብህ።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከአሞራ ገደል ቆሮሶህን ገዝተህ ልጅቱን ምሳ ጥራት። አንተ ሥራ፣ እሷ ትቀመጥ። ሽንኩርቱን ልክተፍልህ ካለች እንቢ በል። ከበላችሁ በኋላ ስለ ሐሙስ ሳታነሳ አንድ ሰዓት ማውራት ከቻልክ፣ ያኔ ስለ ሽማግሌው ጻፍልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ድስቱን ጥደህ ለእናትህ ደውል። ለሽሮው ውሃው ስንት ነው ብለህ ጠይቃት። ትስቃለች፤ ከዚያ ስለ ውሃው፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ጆንያውን ይዞት ስለመጣው ሰው ሳይቀር ትነግርሃለች። ቢረዝምብህም ቀድመህ አትዝጋው።