ከወርቅ ጉድጓድ ወደ በረዶ ሸርተቴ፦ ስለ ብሬክንሪጅ ለጠየቃችሁን

ብርዱ ሲገባ ከዴንቨርና ከኦሮራ የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ ተራራው ያዘነብላሉ። የዘንድሮዎቹ በብዛት ስለ ብሬክንሪጅ ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወርቅ ፈላጊዎች ስለቆረቆሯት፣ ከ1961 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የበረዶ ሸርተቴ ስፍራ ስለሆነችው የኮሎራዶ ከተማ።

ከልጆቼ ጋር ለሁለት ቀን ለመሄድ የትኛው ሳምንት ይሻላል?

በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት መካከል ያለው ሳምንት እጅግ የተጨናነቀና ውድ ነው፤ ለሚጾም ቤተሰብም ነቢያት ገና አልተፈታም። ታኅሣሥ 29 ገናን ቤታችሁ አክብራችሁ፣ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብትሄዱ እመርጣለሁ። የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል የሚውልበትን ግን ዝለሉት። የሊፍት (ሸርተቴ ተጫዋቾችን ወደ ተራራው የሚያወጣው ማጓጓዣ) ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ፤ በዕለቱ የሚጠየቀው ዋጋ ከሁሉም የከፋ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች አራት ወር ሆኗታል። ደጋ የለመደች ስለሆነች ከፍታው አያስቸግራትም አይደል?

በዚህ አይተማመኑ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ብሬክንሪጅ ከ2,900 ሜትር በላይ ናት፤ ዴንቨር ደግሞ 1,600 ሜትር ብቻ በመሆኗ የእናትዎ ሰውነት የለመደውን ከፍታ በእነዚህ ወራት ረስቶታል። የመጀመሪያውን ቀን በእረፍት ያሳልፉ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ግን ነገ ይሻላቸዋል ሳይሉ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታም ያውርዷቸው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በራሴ መኪና ልሂድ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን በአይ-70 አውራ ጎዳና ተራራማ ክፍል ከመስከረም እስከ ግንቦት የጎማ ሕግ ስላለ፣ ከመነሳትዎ በፊት የጎማዎን ጥርስ ያስለኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዴንቨር የሚመለሰው መንገድ ይዘጋጋል፤ ከቀትር በፊት ይነሱ ወይም እራት በልተው ይመለሱ። ከተማዋ ውስጥ አውቶቡሱም ጎንዶላውም (በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ማጓጓዣ) በነጻ ነው።

ሸርተቴ የማልችል ሰው እዚያ ምን አደርጋለሁ?

እኔን ብትጠይቁኝ ከተማዋ ራሷ ከሸርተቴው ትበልጣለች። በብሉ ወንዝ ዳር በረዶ የለበሱ የድንጋይ ክምሮች ታያላችሁ፤ ተንሳፋፊ የወርቅ ማውጫ ማሽኖች የወንዙን ሆድ እየገለበጡ ከኋላቸው የተፉት ድንጋይ ነው፤ ሥራቸው የቆመው በ1942 ነበር። ከዚያ ወደ ባርኒ ፎርድ ቤት ሂዱ። በ1822 በቨርጂኒያ በባርነት ተወልዶ ያመለጠው ይህ ሰው ወደዚህ አገር የመጣው ወርቅ ፍለጋ ሲሆን፣ ጥቁር በመሆኑ የወርቅ መሬት በስሙ እንዳይዝ ቢከለከልም በምግብ ቤትና በሆቴል ሥራ ሀብት አፈራ፤ በ1882 ለቤተሰቡ ያሠራው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በዋናው መንገድ የሚያልፉት ብዙዎቹ ወገኖቻችን ታሪኩን አለማወቃቸው ያሳዝነኛል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ዴንቨር ስትመለሱም የኮሎራዶን ምክር ቤት ሕንፃ አሳዩአቸው፤ የባርኒ ፎርድ ምስል እዚያ በባለቀለም መስታወት ተሥሎ ይታያል።