ስለቴ አልሰመረም፤ ጥላውን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ24 ዓመት ልጄን በኩላሊት ሕመም ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ጠበል አመላለስኩት። ሲብስበት እጥበት አስጀመርኩት። ከዳነልኝ ብዬ ለአራዳ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳልኩ፤ አስቀድሜም ገዛሁት። አልዳነም። አንዷ ዘመዴ “ጠበሉን አቋርጠሽ ሐኪም ቤት ስለወሰድሽው ነው” አለችኝ። ሌላው “አታልቅሺ፣ ለበጎ ነው” ይለኛል። የፒያሳ ጎረቤቶቼ ተነሥተው አንዱ ለሚ ኩራ፣ አንዱ አቃቂ ገብቷል፤ አብሮኝ የሚያለቅስ እንኳ የለም። በ23 ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስለቱ የሰመረለት ሰው እልል ሲል እሰማለሁ። ቅዳሴ ላይ አፌ አይከፈትም። ስለቴን ለምን አልሰማኝም? ጥላውንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት እግዜር ያጥናሽ። ወረቀትሽ የደረሰኝ በሠርክ ጉባኤ ላይ ነበር። እዚያው ቆሜ ልመልስልሽ አልደፈርኩም። ኪሴ ከትቼው ወደ ቤት ሄድኩ።

ከቀላሉ ልጀምር። ዘመድሽ ያለችሽ ነገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ክፈቺ። ሐኪምን አክብር ብሎ ይጀምራል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለሞተ ሰው እንባህን አፍስስ ይላል። ሐኪም ቤት መውሰድሽም ማልቀስሽም በአንድ ምዕራፍ ተጽፎልሻል። በዚህ ዘመድሽን አትጣያት። እሷም ፈርታ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ሲሞት የእናቱን ጥፋት ካላገኘን፣ ነገ የኛም ልጅ ሊሞት እንደሚችል ማመን ይሆንብናል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው “ማን ኃጢአት ሠራ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?” ብለው ነበር። ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው።

አሁን ወደ “ለበጎ ነው” እንምጣ። ይህን ቃል እኔም ብዬዋለሁ። ወጣት ዲያቆን ሳለሁ አንድ ለቅሶ ቤት ገብቼ “ለበጎ ነው” አልኩ። እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝና “ያንተ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?” አለችኝ። ልጅ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስሄድ “እግዜር ያጥናችሁ” እልና ንፍሮዬን ይዤ እቀመጣለሁ። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ቃሉ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም። ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ ጳውሎስ በሮሜ 8 ቁጥር 28 ጽፎታል። ችግሩ ሰዎች ከ28 መጀመራቸው ነው። ሁለት ቁጥር ከፍ ብለው ከ26 ቢጀምሩ አንቺን ያገኙሽ ነበር። እዚያ እንዴት እንደምንጸልይ አናውቅም፣ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። አፌ አይከፈትም አልሽ አይደል? ለካ አፍ መከፈቱ ግድ አልነበረም። ሕዝቡ “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” ሲል መሃላቸው ቁሚ። ዝም በይ። ቃሉን ሌላው ይበልልሽ። ቅዳሴ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዘዋል።

ቤትሽ ስትሆኚ ደግሞ መዝሙር 87ን አንብቢ፤ በሌላው አቆጣጠር 88 ነው። ሌሎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ ብሎ፣ እንዲሁ እያዘነ ያልቃል። ጎረቤቱ የተበተነበት ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ እሮሮ ጸሎት ተብሎ ዳዊት ውስጥ ገብቷል። አንቺም ብታማርሪ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሽም።

ስለቴን ለምን አልሰማኝም ላልሽው፣ ምክንያቱን አውቃለሁ የሚል መምህር ካጋጠመሽ ራቂው። እኔ የማሳይሽ ጌቴሴማኒን ነው። ጌታ “ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ” ብሎ ለመነ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ማቴዎስ ሦስት ጊዜ ይላል። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። ጽዋይቱም አላለፈችም። እንግዲህ ልመናው ያልተፈጸመለት ሁሉ እምነቱ ጎድሎ ነው ካልን፣ ጌቴሴማኒን ምን ልንለው ነው? በማግስቱ እመቤታችን መስቀሉ ሥር ቆመች። አረጋዊው ስምዖን “በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል” ያላት የዚያን ቀን ደረሰ። ልጇ ሲሞት ዓይኗ እያየ ነው። ስለዚህ ስዕሏ ፊት ስትቆሚ የምታስረጃት ነገር የለም። ታውቀዋለች። ልጅሽንም አጣሁት አልሽ እንጂ አልጠፋም። ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም።

ወደ ጥላው ልመለስ። ስለት “ይህ ከሆነልኝ” የሚል ቃል አለበት። አልሆነልሽም። ዕዳ የለብሽም፤ በዚህ አትጨነቂ። ሁለት ወር ካልሽ ግን ሰማንያው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ከአሁኑ ለካህናቱ ንገሪ። ለጎረቤቶችሽም ደውዪ፤ ለሚ ኩራ ላለችውም፣ አቃቂ ላለውም። ታክሲ ሁለት ሦስቴ ይቀያይራሉ እንጂ ይመጣሉ። ድግስ አያስፈልግም፤ ንፍሮና ቡና ይበቃል። የዚያን ቀን እጅሽ ከፈቀደ ጥላውን በልጅሽ ክርስትና ስም ስጪው። ካልፈቀደ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ። ጊዮርጊስ ጥላ አላነሰውም።