«ሌይት» ስለምትባል አንዲት ቃል

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ለሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀችውን ደብዳቤ እንዳነብላት ላከችልኝ። በሁለተኛው አንቀጽ ሙያውን ስላስተማሯት አለቃዋ ስትጽፍ «ማይ ሌይት ማናጀር» ብላለች። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «አዎ፣ ደኅና ናቸው፤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው ነው። ምነው፣ ቃሉ ‹የቀድሞ› ማለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ መስመር ነው፤ እሱንም ያኔውኑ ሰጠኋት። ጥያቄዋ ግን ከ40 ዓመት በላይ ለማንም ሳልናገረው የኖርኩትን ነገር ስለ ቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሷም ለእናንተም በሰፊው ልጽፍ ተነሣሁ።

ያን ጊዜ 26 ዓመቴ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የደብዳቤ ልውውጥ ክፍል ውስጥ በተርጓሚነት እሠራ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሰው ትርጉም ማለት ምን እንደ ሆነ ያስተማሩኝ ናቸው። ረቂቄን ሲያርሙ ሁልጊዜ በእርሳስ ነበር፤ የተሳሳተውን ቃል አይሰርዙትም፣ ከሥሩ አንዲት ነጥብ ብቻ ያኖሩና ወረቀቱን ይመልሱልኛል። ምን እንደ ጎደለው ፈልጎ ማግኘት የእኔ ፈንታ ነበር። አንዳንድ ቀን ከአንዲት ነጥብ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስታገል እቆይ ነበር። ዛሬም የሰው ጽሑፍ ሳይ እጄ የሚሄደው ከቃሉ ሥር ነጥብ ወደ ማኖር ነው።

እኚህ ሰው ጡረታ ወጡ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከእርሳቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ይጻጻፉ ከነበሩ አንድ የውጭ አገር የሰነድ ባለሙያ ደብዳቤ መጣ። የሚጠይቀው ስለ አንድ የቆየ ትርጉም ነበር፤ ማን እንደ ሠራው፣ መነሻው የትኛው ቅጂ እንደ ሆነ። መልሱን እንዳዘጋጅ ለእኔ ተመራልኝ። ትርጉሙን የሠሩት አለቃዬ ስለ ነበሩ፣ «ይህ ሥራ የተዘጋጀው በቀድሞው የክፍላችን ኃላፊ ነው» ለማለት ፈለግሁና «አወር ሌይት ሄድ» ብዬ ጻፍሁ።

ለ«የቀድሞ» የሚሆነውን «ፎርመር» የሚለውን ቃል አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሳምሬ አውቀው ነበር። ነገር ግን ማንም የሚያውቀው፣ ተራ ቃል ሆኖ ታየኝ። በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነበረ፤ «ሌይት» በሚለው ቃል ሥር ከዘረዘራቸው ፍቺዎች መካከል «ከጥቂት ጊዜ በፊት የነበረ፣ የቀድሞ» የሚል አለ። ይህ የተማረ ሰው አነጋገር ነው ብዬ ወደድሁት። ከዚያው ፍቺ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ግን አላነበብሁም።

አምስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ አለቃዬ ወደ ቢሮ መጡ። ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ሁልጊዜ ባለጉዳይ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጡና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አውጥተው በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ፖስታው የተጻፈው ለባለቤታቸው ነው። ውስጡ ያለው በእጅ የተጻፈ የሁለት ገጽ የሐዘን መግለጫ ነበር። የውጭ አገሩ ሰው በመርዶው እጅግ እንዳዘኑ፣ ስለ ሟቹ ትዕግሥትና ጥንቃቄ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ስላረሙላቸው አንድ ስህተትም ጭምር ጽፈዋል። እኔ እስክጨርስ ድረስ አለቃዬ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያም የላክሁት ደብዳቤ ቅጂ እንዲመጣላቸው ጠየቁ፤ የካርቦኑን ቅጂ ከፋይሉ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡና «ሌይት» ከሚለው ቃል ሥር ነጥብ አኖሩ።

«ይህችን ማን ጻፋት?» አሉኝ።

እኔም «ጸሐፊዋ ተሳስታ ነው፤ እኔ ‹ፎርመር› ነበር ያልሁት» አልኋቸው።

ጸሐፊያችን ከሁለት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ትተይብ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ቆመ። አልዞረችም፤ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እንደ ገና ቀጠለ። በሰማያዊ ቀለም፣ በእጄ የጻፍሁት ረቂቅ በመሳቢያዋ ውስጥ እንደ ነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ረቂቆችን ሁሉ ስድስት ወር ሳይሞላቸው አትጥልም ነበርና።

አለቃዬ እኔን አየት አደረጉኝና ቅጂውን ወደ ፋይሉ መለሱት። እንዳላመኑኝ ዛሬ አውቃለሁ። የተየበ ሰው ጣቱ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ቁልፍ ሊስት ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ያለውን «ፎርመር»ን አራት ፊደል ወዳለው «ሌይት» የሚለውጥ የጣት ስህተት ግን የለም። ይህን ሊያስተውሉ ከሚችሉ ሰዎች ሁሉ እርሳቸው ቀዳሚው ነበሩ። ሊሄዱ ሲነሡ ያሉት፣ «ያን ቀን እኔ ከቤት ባልኖር፣ ፖስታውን የምትከፍተው እርሷ ነበረች፤ እኔ እስክገባ ድረስ ያለውን ሰዓት አስበው፣ ልጄ» ብቻ ነው። የማስተካከያ ደብዳቤውን ያንኑ ቀን ጻፍሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለጸሐፊዋ ግን አዲሱ ኃላፊ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ እኔም ይህን እያየሁ ዝም አልሁ።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። እኛ በአማርኛ ለየብቻ የምንናገረውን ብዙ ነገር እንግሊዝኛው በዚህች በአንዲት ቃል ላይ አከማችቶታል። ጧቱ ሲያልፍ ረፈደ እንላለን፤ ቀኑ ሲያልቅ መሸ እንላለን፤ ሰው ከቀጠሮው ሲያልፍ ዘገየ ወይም አረፈደ እንላለን፤ የሞተን ሰው በአክብሮት ስንጠራ ነፍሰ ኄር እንላለን፤ ከሹመቱ የወረደውን የቀድሞው እንላለን። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሲጽፍ፣ ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን እንደሚናገር የሚለይለት ቃሉ የቆመበት ቦታ ነው።

«ሂ ኢዝ ሌይት» ሲባል ሰውየው ዘግይቷል ማለት ነው። ቃሉ ከሰው ስም ወይም ከማዕረግ በፊት ሲመጣና «ዘ» ወይም «ማይ»፣ «ሂዝ»፣ «አወር» ሲቀድመው ግን፣ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። «ማይ ሌይት ፋዘር» ያለ ሰው አባቱ በሕይወት የሉም። ከነገር ስም በፊት ሲሆን ደግሞ ወደ መዘግየት ይመለሳል፤ የዘገየ ክፍያ፣ የዘገየ ባቡር እንደ ማለት። ከዘመን ስም በፊት ሲሆን መገባደጃ ማለት ነው፤ «ዘ ሌይት 1970ስ» የ1970ዎቹ የመጨረሻ ዓመታት ናቸው። አንድ መምህር ዘግይተው የመጡ ተማሪዎችን ዝርዝር ሲያወጣ «ዘ ሌይት ስቱደንትስ» ብሎ ርእስ እንዳይሰጠው እመክራለሁ፤ «ስቱደንትስ ሁ አራይቭድ ሌይት» ቢል ከሥጋት ይድናል። ይህ ቦታን የማየት ደንብ ግን በሁሉም ስፍራ አይጸናም። በደቡባዊው አፍሪካ በሚነገረው እንግሊዝኛ «ሺ ኢዝ ሌይት» ሲባል ሴትዮዋ አርፋለች ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚያ አካባቢ ሰው ጋር የምትጻጻፉ ከሆነ ከመመለሳችሁ በፊት ከዓረፍተ ነገሩ በፊትና በኋላ ያለውን አንብቡ።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ «ቀርፋፋ» ማለት ነበር። የሚንቀረፈፍ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ የቀረ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ የደረሰ ደግሞ ለአሁኑ ጊዜ የቀረበ ነው፤ ከዚያም «እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበረ፣ አሁን የሌለ» ወደሚለው ተሻገረ። ዛሬ ለየብቻ የምንማራቸው «ላተር» እና «ላስት» ከዚያው ግንድ የወጡ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም፤ ያ አሮጌ መዝገበ ቃላት ፈጽሞ እንዳልዋሸኝ እንድታውቁልኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 የወጣው የእንግሊዝ የመብቶች ሕግ መግቢያው ላይ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛን «ዘ ሌይት ኪንግ» እያለ ይጠራቸዋል። ንጉሡ ያን ጊዜ ከዙፋናቸው ሸሽተው ነበር እንጂ አልሞቱም፤ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1701 ነው። ያኔ ቃሉ የቀድሞውንም ሟቹንም ይሸከም ነበር። ዛሬ ግን ስለ ሰው ሲሆን የቀድሞነቱ ፍቺ ከዕለት ንግግር ጠፍቷል ለማለት ይቻላል። የእኔ ጥፋት የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን ልማድ እንደ ዛሬ አነጋገር ይዤ መጻፌ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን ብዙ ዘግይቼ ነው።

በትክክለኛው ፍቺው ስትጠቀሙበትም አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ያደረጉትን ስትተርኩ ቃሉን አታስገቡ። «ዘ ሌይት ዳይሬክተር ሳይንድ ዘ ኮንትራክት» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሳያስበው ውሉን በሞተ ሰው እጅ አስፈርሟል። የጋዜጣ አርታኢዎች ይህን አጥብቀው ያርማሉ፤ ትክክል ናቸው። ከሞቱ ብዙ ዘመን ላለፋቸው ሰዎችም አይሆንም፤ ቃሉ የሞቱን ቅርበት ስለሚይዝ፣ የጥንት ነገሥታትን በዚህ አይጠሯቸውም።

«ሌይትሊ» ዘግይቶ ማለት አይደለም፤ ሰሞኑን ማለት ነው። ዘግይቼ መጣሁ ለማለት «ኬም ሌይት» በቂ ነው። የአንድን ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ስታነሡ ደግሞ «ሂዝ ሌይተስት ቡክ» በሉ። «ሂዝ ላስት ቡክ» ካላችሁ፣ አንባቢው ሰውየው ሌላ መጽሐፍ አይጽፍም ብሎ ሊረዳው ይችላል።

እናንተ የዛሬዎቹ ከእኛ ይልቅ ብዙ ታነባላችሁ፤ እንግሊዝኛችሁም ከእኛ ይልቅ የተፍታታ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ስልካችሁ የሰጣችሁን የመጀመሪያውን ፍቺ ይዛችሁ መሄዳችሁ ነው። ያች ወጣትም «የቀድሞ» የሚለውን ያገኘችው እንዲሁ ፈልጋ ነው። ዳሩ እኔም በወረቀት መዝገበ ቃላት ያደረግሁት ይህንኑ ስለ ሆነ ጥፋቱን በዘመኑ ላይ ላሳብብ አልችልም። ቢሆንም አሁንም ትልቅ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ፣ የቃሉን ፍቺዎች ከላይ እስከ ታች፣ ምሳሌዎቹን ጭምር እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ተራ የመሰላችሁን ቃልም አትናቁ፤ «ፎርመር» ተራ ቃል ነው፤ ባለቤቱን ግን አይገድልም።

አለቃዬ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ 11 ዓመት ኖሩ። ሲያርፉ ለውጭ አገሩ ሰው የማሳውቀው እኔ ስለ ነበርሁ፣ ረቂቁን በዚያው በሰማያዊ ቀለም ጻፍሁ፤ በዚህ ጊዜ «አወር ሌይት ሄድ» የሚለው ቦታው ነበር። ጸሐፊዋ ያችው ነበረች። ደብዳቤውን ተይባ ከመኪናው ሳታወጣው ወደ እኔ ዞረች፤ እርሳስ አንሥታ በረቂቄ ላይ ከቃሉ ሥር ነጥብ አኖረችና ወረቀቱን አሳየችኝ።

«ይህ ትክክል ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ጊዜ አንሥታብኝ አታውቅም ነበር። መናገር የሚገባኝን ሁሉ ለመናገር ጊዜው ያ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ግን «አዎ፣ አሁን ትክክል ነው» አልኋት፤ እርሷም ወረቀቱን ከመኪናው አውጥታ እንድፈርምበት ሰጠችኝ።