ወደ ሱባዔ ጓደኞቼ ካልተጓዝሁ ቃሌን አፍርሻለሁን?

ጥያቄ፦ ከአምስት ዓመት በፊት የፍልሰታን ሱባዔ ከዚያ በፊት ከማላውቃቸው ዐሥራ ሦስት ምእመናን ጋር በደብረ ሊባኖስ ገዳም አሳለፍሁ። ስንለያይ «በየዓመቱ እዚሁ እንገናኝ» ተባብለን የጽዋ ማኅበር መሠረትን፤ እስከ አሁንም ነሐሴ 24 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ከያለንበት ተጉዘን እንሰባሰባለን። ዘንድሮ ግን እናቴ የአልጋ ቁራኛ ሆናለች፤ ከእኔ በቀር የሚያነሣት የለም። የማኅበሩ እኅቶች «ቃል ኪዳን አፍርሰሽ በረከቱ ይቀርብሻል» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዓመት እንባ በአጥቢያዬ አግኝቼው ስለማላውቅ ልቤ ያለው እዚያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ስለ ገዳም መሳለምም ሆነ ስለ ጽዋ ማኅበር ሥርዓት አልነግርሽም፤ ኖረሽበታል። ለጉዞው ጥያቄ ያለኝ መልስ አጭር ነው፦ ዘንድሮ አትሂጂ።

ቃል ኪዳን የተባለውን አስቀድሜ ልናገር። ወዳጆች ሲለያዩ የተቀጣጠሩት ቀጠሮ ስእለት አይደለም። በልብሽ የተሳልሽው ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ነገር ግን ጌታችን ለወላጅ የሚገባውን ርዳታ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ የሚከለክሉትን ሰዎች የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ሻሩ አድርጎ እንደ ገሠጻቸው አትርሺ (ማር. 7፥11-13)። የታመመች እናትን ጥሎ በሚኬድበት መንገድ ላይ በረከት አለ ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ እርሱ ራሱ መማር ያስፈልገዋል።

ይልቅስ ያሳሰበኝ በመጨረሻ ያነሣሻት እንባ ናት። «የዚያን ዓመቱ እንባ» የሚለውን ንግግር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ በጉዞ አውቶቡስ ውስጥም መዝሙሩ ጋብ ሲል ወሬው «ያን ጊዜ እኮ!» ሲሆን አጋጥሞኛል። በዚያ ሱባዔ ስልክሽ ተዘግቶ፣ ቆሎና ጥሬ እየቀመስሽ፣ ከሥራና ከቤት ሐሳብ ተለይተሽ ነበር፤ ልብ እንዲህ ሲያርፍ እንባ ይቀርበዋል። እንባው ስጦታ ነው፤ ስሕተቱ እንባውን እንደ ጸጋ መለኪያ መያዝና ሰጪውን በተሰጠበት ቦታ ብቻ መፈለግ ነው።

እናንተ ሱባዔ ላይ ሳላችሁ ነሐሴ 13 ጌታችን ክብሩን በተራራ ላይ የገለጠበት የደብረ ታቦር በዓል ተከብሯል። ቅዱስ ጴጥሮስ በተራራው ላይ «በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው» ብሎ ሦስት ዳስ ሊሠራ አሰበ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ግን «የሚለውን አያውቅም ነበር» ይላል (9፥33)። ከተራራው ሲወርዱም የጠበቃቸው የታመመ ልጁን ይዞ የሚማልድ አባት ነው። ይህን ሁላችንም እንሰብከዋለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ጴጥሮስ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከዚህ ዓለም መለየቱ እንደ ቀረበ ዐውቆ የጻፈው ነው፦ «እኛም በቅዱሱ ተራራ ከእርሱ ጋር ሳለን ይህን ድምፅ ሰማን» ይላል (2ጴጥ. 1፥18)። ተራራውን አልረሳም፤ ነገር ግን ተመልሼ ካልወጣሁ አላለም። ያየውን ላላዩት ስንቅ አደረገው። የምትሳለሙት ጻድቅ አባታችን ተክለ ሃይማኖትም በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ፣ በደብረ ዳሞም በምንኩስና ከኖሩ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው በደብረ አስቦ ጸኑ እንጂ ጸጋ የተቀበሉበትን ገዳም የሙጥኝ ብለው አልቀሩም።

ይህን ስል መገናኘታችሁን እያጣጣልሁ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም በርናባስን «ተመልሰን ወንድሞች እንዴት እንዳሉ እንጎብኝ» ብሎታል (ሐዋ. 15፥36)። ልብ በዪ፣ የጉብኝቱ ምክንያት የወንድሞች ኑሮ ነው። የአንዲት እኅታቸውን ቤት ሳይጠይቁ መቅረቷን ብቻ የሚቈጥሩ ማኅበርተኞች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ስለዚህ የእናትሽን ክርስትና ስም ጽፈሽ ለጸሎት ላኪ፤ ጸበልና እምነትም (የተባረከ አፈር) ያምጡልሽ። በፍልሰታ በአጥቢያሽ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜና ቅዳሴ አለ፤ ጎረቤት ለሁለት ሰዓት እናትሽን የምታይልሽ ቀን ካገኘሽ ሄደሽ አስቀድሺ፤ ካላገኘሽ ደግሞ ውዳሴ ማርያሙን ከአልጋዋ አጠገብ ድምፅሽን አሰምተሽ ድገሚ። እንባ ባይመጣ አትጨነቂ፤ ሌሊት ተነሥተሽ እናትሽን ስታገላብጪ ከእንባ የማያንስ መሥዋዕት እያቀረብሽ ነው።

ይህንም ጽሑፍ ለማኅበራችሁ ሙሴ (መሪ) አሳዪልኝ። ከገዳሙ ሲመለሱ የሚቀጥለውን ጽዋ በአንቺ ቤት፣ እናትሽ በተኛችበት ክፍል እንዲያደርጉት ጸሐፊው ለምኖሃል በዪው። ዳቦውን እነርሱ ይዘው ይምጡ፤ አንቺ በቂ ሥራ አለብሽ።